እማዬን ተቀመጪ አትበሏት

እኛ አገር ሰው ሲያረጅ የምናከብረው በማስቀመጥ ነው። "አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንሠራዋለን"፣ "ስንት ዘመን ለፍተሽ አሁን ደሞ ልትደክሚ?" እንልና ጋቢ ደረብ አድርገንላት፣ ሶፋ ላይ፣ ቲቪ ከፍተን፣ ምግቡንም እዛው አምጥተን፣ በቃ። ክብርም ነው ፍቅርም ነው፣ ማንም በክፋት አያደርገውም። ዲሜንሺያ (የመርሳት ችግር) ላለበት ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ተቀመጪ መባል ምን ያህል እንደሚጎዳ ከእናቴ ጋር ስኖር አይቻለሁ፣ እና ዛሬ ስለሱ ልጽፍ ነው፣ በተለይ እናት አባታቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ።

እማዬ ሰማንያን ተሻግራለች። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው እኛን ያሳደገችን፣ ሌሊት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች፣ ቀን እህሏን ታበጥራለች፣ ማታ ታቦካለች፣ እጇ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሐኪም አልዛይመር ነው ካለን በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከሥራ አሳረፋት፣ ያው በየቤቱ እንደሚደረገው። ከዛ ቀኑን ሙሉ መንጎራደድ ጀመረች። በር ትከፍታለች ትዘጋለች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ልብስ አውጥታ አልጋ ላይ ትከምራለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች ደሞ ትፈታለች፣ "ልሂድ እንጂ፣ ሥራዬ ተበላሸ እኮ" ትላለች። የመጣ ዘመድ ሁሉ "በሽታው ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሥራ የለመደ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚሆነው ነው፣ ጤነኛውስ ጡረታ ሲወጣ መዋያ አጥቶ ይቸገር የለ? እማዬ ሰለቸኝ ማለት ስለማትችል ትንጎራደዳለች።

ዲሜንሺያ ራሱ አንድ በሽታ አይደለም፣ አእምሮን እየጎዱ የሚሄዱ የተለያዩ በሽታዎች የሚያመጡት ችግር የጋራ ስም ነው፣ ዋናው አልዛይመር ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ዲሜንሺያ ነበረበት፣ ከነሱ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ደሞ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ጋር ሰው የሚታመመው ቤቱ ነው፣ በልጆቹና በምራቱ እጅ። "ጃጀች" ብለን እናልፈዋለን እንጂ እርጅና ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም። እስካሁን የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያስታግሱ አሉ፣ እሷም ትወስዳለች። ለኔ ግን ቀኑን ምን እየሠራች ትዋል የሚለው ከኪኒኑ እኩል ነው።

አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍልና ዙሪያውን ነው፣ አዲስ ነገር የምንይዝበትን። ስለዚህ ቁርስ መብላቷን ትረሳለች፣ አሁን የነገርኳትን መልሳ ትጠይቀኛለች። እጅ የለመደው ሥራ ግን በአብዛኛው በሌሎች ክፍሎች ነው የሚመራው፣ ቤዛል ጋንግሊያና ሴሬቤለም በሚባሉት፣ እነሱ ደሞ ብዙውን ጊዜ ቆይተው ነው የሚጎዱት። ለዛ ነው የልጇ ስም የጠፋባት ሴት ሰፌድ ስትይዝ ምንም የማይጠፋት።

የምስሩን ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲወጣ በርጩማዋ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደርግና ጥቂት ምስር አፈስበታለሁ። "እማዬ ምስር ልቀሚ" ብላት ዝም ብላ ታየኛለች። ስለዚህ አልናገርም፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔ አንድ ጠጠር ለቅሜ አስቀምጣለሁ። ትንሽ ታይና እጇ ይነሳል። በሌባ ጣቷ ፍሬውን ጥቂት ጥቂት እያደረገች ወደራሷ ትስባለች፣ ጠጠሩን በአውራ ጣቷ ወደ ዳር ትገፋለች፣ እንደገና ትስባለች፣ ቆየት ትልና ሰፌዱን ብድግ አድርጋ ታንገዋልለዋለች፣ ገለባው ወደ ጫፍ ሲወጣ ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ እፍ ትለዋለች። ግንባሯ ይፈታል፣ መንጎራደድ የለ፣ ልሂድ የለ። አንዳንዴ "ይሄን የሸጠልሽ ማነው፣ አፈር ቀላቅሎ ነው እኮ የሰጠሽ" ብላ ነጋዴውን ትቆጣለች፣ አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነች።

ታዲያ ሥራው የእውነት ሥራ መሆን አለበት። የታመመች እናቱ ያጣጠፈችውን ፎጣ በትኖ መልሶ የሚያቀርብላት ሰው አውቃለሁ፣ ለማዋል ይጠቅም ይሆናል፣ እኔ ግን አልወደውም። የረሳ ሰው ማለት የማይገባው ሰው ማለት አይደለም፣ ሲቀለድበት ያውቃል። እማዬ የለቀመችው ምስር ለምሳ ወጥ ይሆናል፣ ገበታ ላይ "የእማዬ ምስር ነው" ይባላል፣ ልጆቼም ያውቁታል። የቀረ ጠጠር ካለ እሷ ገባ ስትል እኔ እንደገና አየዋለሁ፣ ፊቷ ላይ አላርምም። "ጎበዝ የኔ ቆንጆ!" ተብሎ እንደ ሕፃን የሚጨበጨበውም ደስ አይለኝም። "ተባረኪ እማዬ፣ ገላገልሽኝ" ነው የምላት፣ ለማንኛውም ሥራ ላገዘ ሰው የሚባለውን።

"ከሠራች በኋላ መሥራቷን ትረሳው የለ፣ ምን ዋጋ አለው?" ያለኝ ሰው አለ። ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካው አይዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አልዛይመር ያለባቸውን ሰዎች የሚያሳዝንና የሚያስደስት የፊልም ቁራጭ አሳይቷቸው ነበር፣ ያዩትን ነገር ከረሱት በኋላም ስሜቱ አብሯቸው ቆይቷል። እኔ ቤትም ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ጠዋት ሥራ የያዘች ቀን ምሳዋን ደህና ትበላለች፣ ጠዋት የተቆጣናት ቀን ደሞ ለምን እንደከፋት ሳታውቅ እስከ ማታ ይከፋታል።

ባለፈው ገና ዶሮውን እሷ ነች የገነጠለችው። በዓሉ ምን እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቀን ነበር፣ "ገና ነው" እንላታለን፣ "አሃ" ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደሞ ትጠይቃለች። ዶሮው ታጥቦ ትሪ ላይ ሲቀርብ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች። እህቴ ቢላዋ ስትሰጣት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የእህቴ ማለቴ ነው። እማዬ መጀመሪያ በአውራ ጣቷ መገጣጠሚያውን ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ ወደ ኋላ ቀጨም ታደርገዋለች፣ ከዛ ነው ቢላዋውን የምታስገባው፣ አጥንት ሳትነካ። አንዱንም ሳትሳሳት 12ቱን ብልት አወጣች። ስትጨርስ "ፈረሰኛው ለአባታችሁ ይቀመጥ" አለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል እህቴ ቀድማ "እሺ እማዬ፣ አስቀምጠንለታል" አለቻት። ሞቷል እኮ ብንላት ልክ ዛሬ እንደሰማች ነው የምታለቅሰው፣ በኋላ ደሞ ትረሳውና እንደገና ትጠይቃለች፣ ስንቴ ነው የምናረዳት?

ቢላዋ ሰጣችኋት ወይ ለምትሉ፣ አዎ፣ አጠገቧ ሰው ተቀምጦ፣ በለመደችው ቢላዋ፣ የተረጋጋች ቀን ብቻ። የማልሰጣትም አለ። በርበሬ አላስቀነጥሳትም፣ ድሮ የምትወደው ሥራ ነበር ግን አሁን ረስታ ዓይኗን ታሸበታለች። ምጣድና ጋዝ ብቻዋን አትነካም፣ ከወጥ ቤት ስንወጣ ሲሊንደሩን ከላይ እንዘጋዋለን። ከሰል ደሞ ለማንም አደገኛ ነው፣ በር ዘግቶ ከሰል ያጨሰ ስንት ሰው አልቋል፣ ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው። ቡና ብዙ ሥራ ያለው ነገር ስለሆነ ደስ ይላል፣ ሁሉንም ባትችል አንዱን ትችላለች። ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች፣ ሲቆላ እኔ እቆላና ጭሱን ወደሷ አስጠጋላታለሁ፣ በእጇ ወደ ፊቷ ትጠራዋለች። አቦል ሲቀዳ ምርቃቱ የሷ ነው፣ ሌላ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅታት ሴት ምርቃቱን ሳታቋርጥ ታወርደዋለች፣ እኛም አሜን አሜን እንላለን።

ፈትልም አለ። ባዘቶውን እኔ አዘጋጅላታለሁ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስታሾረው ክሩ እንደድሮው አይቀጥንም፣ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ይበጣጠሳል፣ ቢሆንም ልቃቂቱ ይጠራቀማል። አንድ ሽማኔ ጋር ወስደን ትንሽ ነጠላ ይሆናል ወይ ብለን ስንጠይቀው ለማግ ይሆናል አለን፣ ድሩን ከገበያ በተገዛ ክር አድርጎ ሠራልን። ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፣ ልጄ ነች የምትለብሰው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ስልኩ። ዘመዶቻችን ከአሜሪካም ከዱባይም በቪዲዮ ይደውላሉ፣ ይናፍቋታል፣ እና የመጀመሪያው ቃል "አወቅሽኝ? ማን ነኝ?" ነው። እስቲ አስቡት፣ ሰው ፊት ተቀምጣ ፈተና ስትፈተን። ፈገግ ትላለች፣ ዓይኗ እኔን ይፈልጋል። አሁን ሳልሰጣት በፊት እነግራቸዋለሁ፣ "እማዬ እኔ እኮ እገሌ ነኝ፣ የወንድምሽ ልጅ፣ ከአሜሪካ ነው የምደውለው" በሏት፣ ከዛ የድሮ ወሬ አውሩላት፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እንጀራዋ፣ እሷ ባታወራም ትሰማለች። "ታስታውሻለሽ?" የሚለውን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል። እዛው ውጭ ወላጅ የወሰዳችሁ ደሞ አስቡበት፣ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፣ አማርኛው ይቆያል፣ ስለዚህ ተንከባካቢ ስትፈልጉ ቋንቋውን የሚችል ሰው ማግኘት ቅንጦት አይደለም።

ሌላው ከባድ ነገር ሰው ምን ይላል ነው። አንዲት ዘመዳችን እማዬ ሽንኩርት ስትልጥ አይታ "ምነው እናትሽን በዚህ ዕድሜዋ ታሠሪያታለሽ?" ብላ ለሰው ሁሉ አወራች። በጣም ነው ያመመኝ። ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅም ቸግሯት ነበር፣ ትልቅ ሰው እየሠራ እሷ ቆማ ማየቱ ነውር ሆኖባት ከእማዬ እጅ ሰፌዱን ትቀበላት ነበር፣ እማዬም ትናደዳለች። ቁጭ ብለን አወራን፣ ሥራውን አለመቀበል ራሱ ሥራሽ ነው አልኳት፣ አንቺ ጀምሪላት፣ አብረሻት ተቀመጪ፣ ቢዘገይም ቢበላሽም ማንም አይጠይቅሽም። አሁን ከኔ በላይ ነው የምታውቅበት፣ ልብስ ሲሰጣ ቅርጫቱን ለእማዬ ታስይዛትና አንድ አንድ እያለች ትቀበላታለች።

ወንዶቹ ጋር ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም የብዙዎቹ ሥራ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጎረቤታችን ያሉ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ ናቸው፣ ኮት ለብሰው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆሙ ነበር፣ ቢሮ ሊሄዱ። ልጃቸው ሳሎኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አደረገችላቸው፣ የድሮ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ ክላሴር፣ ወረቀት መብሻ፣ እስክሪብቶ። እሳቸው ይለያሉ፣ ይበሳሉ፣ ያስገባሉ፣ ቀን ይጽፉበታል፣ ቀኑ ልክ አይደለም ግን ጽሕፈታቸው እንዴት እንደሚያምር! ምሳ ሲደርስ "አባባ የምሳ ሰዓት ደርሷል" ስትላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይነሳሉ። አንዱ ሹፌር ከነበረ መኪና ማጠብ፣ ገበሬ ከነበረ ጓሮ ማጠጣት፣ ነጋዴ ከነበረ ሳንቲም መቁጠር፣ ጫማውን ራሱ መወልወል፣ ዳማ ከሚያውቁት ሰው ጋር። ሰውየው ምን ነበር ብላችሁ ጀምሩ።

ጸሎቱን ሳልናገር አላልፍም። አቡነ ዘበሰማያት ስጀምርላት እስከ መጨረሻው ትወጣዋለች። እሑድ ቅዳሴ በቲቪ ሲመጣ የሚነሳበት ቦታ ላይ ትነሳለች፣ እኛ ዘንግተን ተቀምጠን። ቤተክርስቲያን ሰው ሲበዛ ትጨነቃለች፣ ስለዚህ ከሰዓት ጭር ሲል ወስደናት ደጁን ተሳልማ ትመለሳለች። ጾም ላይ "ጾም ነው አልበላም" እያለች ትቸገር ነበር፣ ንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው "ለታመመ ተፈቅዷል" አሏት፣ እኛ ስንላት እሺ አትልም፣ የሳቸውን ግን ትሰማለች፣ እየመጡ ይደግሙላታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከታች ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን እናትም እንደዚሁ ናቸው፣ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እጃቸው ላይ ሲያደርጉላቸው ይረጋጋሉ።

ሲመሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ "ቤቴ ልሂድ" ትጀምራለች፣ አርባ ዓመት በላይ የኖረችበት ቤት ውስጥ ሆና። ብዙ ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰዎች ጋር ሲመሽ ይብሳል። አልከራከራትም። ሳይጨልም መብራት አበራለሁ፣ መጋረጃ እዘጋለሁ ምክንያቱም መስታወቱ ላይ የራሷን ጥላ አይታ ሌላ ሰው መጣ ትላለች፣ የቲቪ ዜናውን አጠፋለሁ፣ የሚላጥ ነጭ ሽንኩርት ወይ የሚጠቀለል የተተረተረ ክር እጇ ላይ አደርጋለሁ። እምቢ ካለች ነጠላ አልብሻት እስከ ግቢው በር አብረን እንሄዳለን፣ ትንሽ ቆመን እናወራለን፣ እንመለሳለን።

"እናቴ ግን ምንም አትችልም" ከማለታችሁ በፊት ዓይንና ጆሮዋን አስመርምሩ። ሞራ ያለበት ሰው ምስርና ጠጠር አይለይም፣ ጆሮዋ የተደፈነ ሴት ትረሳለች ልትባል ትችላለች። ገና ሐኪም ያላያት ከሆነ ደሞ አሳዩአት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒት ዲሜንሺያ የሚመስል ነገር ያመጣሉ፣ ሊታከሙም ይችላሉ። ደህና የነበረችው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተቀያየረች፣ መቃዠት፣ መፍዘዝ ምናምን ከመጣ፣ በሽታው ገፋ ብላችሁ አትቀመጡ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ነው።

በሽታው ወደፊት ይሄዳል፣ ይሄን አውቃለሁ። ዘንድሮ እንዝርቱ እየከበዳት ነው፣ ታሾረውና መሃል ላይ ታቆማለች። ስለዚህ መፍተሉን ትተን ባዘቶውን መበተን ብቻ ሰጠናት፣ እሱን ትወደዋለች። ምስሩንም በትንሽ በትንሹ አድርገነዋል፣ ሰፌዱ ቀላ ስለሚል ደሞ ፍሬው በደንብ እንዲታያት ነጭ ትሪ አደረግንላት። የፋሲካን ዶሮ ከእህቴ ጋር ተመካክረናል፣ ቢላዋውን እህቴ ትይዛለች፣ እማዬ መገጣጠሚያውን በጣቷ እየፈለገች ታሳያታለች። እኔ ሽንኩርቱ ላይ ነኝ፣ ወንድሜም በፊት በፊት እንግዳ ሆኖ ነበር የሚመጣው፣ ዘንድሮ ከዋዜማው ጀምሮ አብሯት ይውላል፣ ሽሮ ሜዳ ወስዷት ጥጥ ይገዛሉ፣ እሷ ነች የምትመርጠው።